ውሃ የደከመበት ቦታ፦ ወርቅ እንዴት ይፈለጋል?

ባለፈው እሁድ ከሰዓት በኋላ ነው። ድሬ እንደ ልማዷ ሰውን ሁሉ ጥላ ውስጥ ከታው ነበር። የጎረቤቴ ልጅ በሃይላንድ አሸዋ ሞልቶ እየሮጠ መጣ። ዕድሜው 14 ነው። በዚያ ሐሩር የሚሮጥ ሌላ ሰው በሰፈሩ አልነበረም።

«ጋሼ፣ እየው አቦ! ወርቅ ነው!»

(የድሬ ልጅ አንቱታ ላይ ብዙም አይጨነቅም። እኔም ለምጄዋለሁ።)

ሃይላንዱን ፀሐይ ላይ ሲያዞረው እውነትም ያብለጨልጫል። ቢጫ፣ ስስ ስስ ያሉ ቅንጣቶች። ያመጣው ከደቻቱ ነው፤ ከተማችንን አቋርጦ ከሚያልፈው ወንዝ። ስልክ ላይ አንድ ፈረንጅ ወንዝ ዳር ቁጢጥ ብሎ አሸዋ በሳህን ሲያጥብ አይቷል። መጨረሻ ላይ ሳህኑ ሥር ቢጫ ነገር ቀረለት። «እኛስ ወንዝ የለንም እንዴ?» አለና ወረደ።

ያመጣው ወርቅ አልነበረም። እንዴት እንዳወቅን እደርስበታለሁ። ግን ጥያቄው አልለቀቀኝም። ሌላው ዓለም እኮ ይኼን ነገር ለመዝናኛ ያደርገዋል። አውስትራሊያ ውስጥ ቪክቶሪያ በሚባለው ክፍለ ግዛት ሰዎች ትንሽ ከፍለው ፈቃድ ያወጡና ቅዳሜና እሁድ ወርቅ ፍለጋ ይወጣሉ። ፊንላንድ ውስጥ ታንካቫራ የሚባል ቦታ ወርቅ የማጠብ ውድድር አለ። ውድድሩ ከአንድ ባልዲ አሸዋ ውስጥ የተቀበሩትን የወርቅ ቅንጣቶች ሳይጥሉ ቶሎ ማውጣት ነው። እኛ ዘንድ ግን ወርቅ ማጠብ እንጀራ እንጂ ጨዋታ ሆኖ አያውቅም። ለዚህም ይመስለኛል ዘዴውን የሚያውቁት ወርቅ አምራቾቹ ብቻ የሆኑት። ዘዴው ግን የሚከብድ አይደለም። እናቶቻችን ማጀት ውስጥ በየቀኑ ይሠሩታል።

ምስርና ጠጠር

ልጁን የጠየቅኩት ይኼን ነው፦ «እናትህ ምስር ስታጥብ አይተሃል?»

አይቷል። ምስሩን ጎድጓዳ ሳህን ውስጥ ታደርጋለች፣ ውሃ ትሞላበታለች፣ በእጇ ታማስለዋለች። ከዚያ ሳህኑን እየወዘወዘች ምስሩን ከነውሃው ቀስ እያለች ወደ ሌላ ዕቃ ትገለብጣለች። ምስሩ ከውሃው ጋር ይሄዳል። መጨረሻ ላይ ሳህኑ ሥር ሁለት ሦስት ጠጠር ትቀራለች። እሷን ትደፋለች።

ወርቅ አጣቢ የሚያደርገው ይኼንኑ ነው። ልዩነቱ እሱ የሚደፋው ምስሩን ሲሆን የሚያስቀረው ጠጠሯን መሆኑ ነው።

ለምን ይሠራል? ወርቅ በጣም ከባድ ስለሆነ ነው። ምን ያህል ከባድ? የዘይት ጀሪካን አስቡ፣ ባለ 5 ሊትሩን። ውሃ ቢሞላ 5 ኪሎ ይመዝናል። ወርቅ ቢሞላ ግን 96 ኪሎ ተኩል ይሆናል፤ ኩንታል ሊሆን ምንም አልቀረው። ፊልም ላይ ሌቦች የወርቅ ጡብ በቦርሳ አድርገው አጥር ሲዘሉ ባየሁ ቁጥር የምስቀው ለዚህ ነው።

በቁጥር እንየው። የውሃን ክብደት 1 ብንል የተለመደው ነጭ አሸዋ 2.65 ነው። ጥቁሩና ብረት ያለበት አሸዋ 5 አካባቢ፣ እርሳስ (መጻፊያውን ሳይሆን የመኪና ጎማ ላይ ለሚዛን የሚለጠፈውን፣ የጎማ ባላንሱን ማለቴ ነው) 11.3፣ ወርቅ 19.3። ስለዚህ አንዲት የወርቅ ቅንጣት እሷን ከምታክል የአሸዋ ቅንጣት ሰባት እጥፍ ትከብዳለች።

አሁን ሁለቱንም ውሃ ውስጥ እንክተታቸው። ውሃ የገባበትን ነገር ሁሉ ወደ ላይ ይገፋል። መዋኛ ውስጥ ሰው የሚቀልለው በዚህ ነው። ውሃው ከሁለቱም እኩል አንድ አንድ ይቀንሳል። አሸዋው ከ2.65 ወደ 1.65 ይወርዳል፤ ትልቅ ኪሳራ ነው። ወርቁ ከ19.3 ወደ 18.3 ይወርዳል፤ አልተሰማውም ማለት ይቻላል። 18.3ን ለ1.65 ብታካፍሉት 11 ይመጣል። በአየር ላይ ሰባት እጥፍ የነበረው ልዩነት ውሃ ውስጥ አሥራ አንድ እጥፍ ሆነ። ወርቅ በውሃ የሚታጠበው ሊጸዳ አይደለም። ውሃው ራሱ ሚዛን ነው።

ወንዝ ማለትም አንድ ትልቅ የምስር ሳህን ነው፤ የሚወዘውዘው ደግሞ ጎርፍ።

ከየት መጥቶ ነው ወንዝ የገባው?

በምድር ቅርፊት ውስጥ ወርቅ ሁሉም ቦታ አለ ብል ትስቃላችሁ። ግን አለ። በአማካይ አንድ ቶን ተራ ድንጋይ ውስጥ 4 ሚሊግራም አካባቢ ይገኛል። የጋብቻ ቀለበት የሚሆን 4 ግራም ለማውጣት አንድ ሺህ ቶን ድንጋይ መፍጨት ሊያስፈልግ ነው። አያዋጣም። ስለዚህ ፈላጊው የሚያስፈልገው ተፈጥሮ ራሷ አስቀድማ የሰበሰበችበትን ቦታ ነው።

ተፈጥሮ ሥራዋን በሁለት ዙር ትሠራለች። መጀመሪያ ከምድር ሥር፣ በጥልቀት ያለ ፍል ውሃ ከድንጋዩ ጥቂት ጥቂት ወርቅ እያሟሟ በስንጥቆች ወደ ላይ ይወጣል። ሲወጣ ግፊቱ ይቀንሳል፣ ይቀዘቅዛል፣ የያዘውንም ይጥላል። ከወርቁ ጋር አብሮ የሚቀመጠው ኳርትዝ የሚባለው ነጭ ድንጋይ ነው። ስንጥቁ ሲሞላ ነጭ ጅማት ይመስላል። ሁለተኛው ዙር ከላይ ነው። ፀሐይና ዝናብ ያንን ጅማት ያፈርሱታል፣ ጎርፍ ይወስደዋል። ድንጋዩ እየተፈጨ አሸዋ ሲሆን ወርቁ አይዝግም፣ አይበሰብስም። ለስላሳ ስለሆነ ይቀጠቀጣል፣ ጠፍጠፍ ይላል እንጂ አይጠፋም። ሸካራና ጎርባጣ ወርቅ ካገኛችሁ ከምንጩ ብዙም አልራቀም ማለት ነው። ለስላሳና ጠፍጣፋ ከሆነ ረጅም መንገድ መጥቷል።

አገራችን ውስጥ እንዲህ ዓይነት ወርቅ ያዘሉ አሮጌ ድንጋዮች የታወቁት በሌላ አቅጣጫ ነው። በደቡብ በኩል አዶላ፣ ሻኪሶና ለገደምቢ፣ በምዕራብ አሶሳና ወለጋ፣ በሰሜን ደግሞ የትግራይ ሽሬ አካባቢ። ዕድሜያቸው ከ500 ሚሊዮን ዓመት በላይ ነው። የእኛ ድሬ ሌላ ታሪክ አላት። የሲሚንቶ ፋብሪካው የሚፈጨው የኖራ ድንጋይ የባሕር ወለል የነበረ ነው፤ 150 ሚሊዮን ዓመት አካባቢ ቢሆነው ነው። ከወርቆቹ ድንጋዮች ጋር ሲነጻጸር ገና ልጅ ነው። ከባሕር ወለል ጥሩ ሲሚንቶ ይወጣል፤ የወርቅ ጅማት ግን እዚያ አይፈለግም። አሮጌው ድንጋይ ከሥር አለ። ወደ ሐረርና ባቢሌ ስትሄዱ ብቅ ይላል። የባቢሌ መንገድ ላይ አንዱ በአንዱ ላይ የተደረደሩት እነዚያ ጉደኛ ቋጥኞች ግራናይት ናቸው። ይሁንና አሮጌ ድንጋይ ሁሉ ወርቅ አለው ማለት አይደለም። አሮጌ ሰው ሁሉ ገንዘብ አለው እንደማይባል።

ውሃው የት ይደክማል?

ለእኔ ከዚህ ሁሉ የሚጥመኝ ክፍል ይኼ ነው። ወርቅ ሳይኖርም ይሠራል።

ጎርፍ ጉልበት ሲኖረው ሁሉንም ነገር ያንከባልላል። ጉልበቱ ሲቀንስ መጀመሪያ የሚጥለው ከባዱን ነው። ተሸካሚ ሲደክመው መጀመሪያ ኩንታሉን እንጂ ፌስታሉን እንደማያወርድ ማለት ነው። ስለዚህ ወርቅ ፈላጊ «ወርቁ የት ነው?» ብሎ አይጠይቅም። «ውሃው የት ደከመው?» ነው የሚለው።

ውሃ የሚደክምባቸው ቦታዎች ይታወቃሉ። ወንዙ ሲታጠፍ በውጭው ክንድ በኩል ያለው ውሃ ይፈጥናል፣ ዳሩን ይበላል። በውስጠኛው ክንድ በኩል ያለው ይዘገያል፣ አሸዋ ይከምራል። ከባድ ነገር የሚቀረው ከውስጥ በኩል ነው። ትልቅ ቋጥኝ ካለ ከኋላው፣ ማለትም ውሃው አልፎት በሚሄድበት በኩል፣ ጸጥ ያለ ኪስ ይፈጠራል። የድልድይ እግርም ያው ነው። ቁልቁለቱ አልቆ ሜዳ ሲጀምርም ውሃ ይደክማል። ድሬ ራሷ የተቀመጠችው ተራራው አልቆ ሜዳው በሚጀምርበት ቦታ አይደል? ያ ሁሉ አሸዋ በየዓመቱ እየመጣ የሚሰጣብን ለዚህ ነው። ለግንበኛ ሲሳይ፣ ለድልድይ መከራ።

አንድ ነገር ልጨምር። ከባድ ነገር ወደ ታች መስመጡን አያቆምም። አሸዋው በተንቀጠቀጠ ቁጥር ትንሽ ትንሽ ይወርዳል፣ ጠንካራ ድንጋይ እስኪያገኝ። ስለዚህ ላይ ላይ ያለውን አሸዋ የሚያጥብ ሰው ጊዜውን ነው የሚያጥበው። ልምድ ያለው ፈላጊ የወንዙ ወለል ድንጋይ ወደሚታይበት ይሄዳል፣ ስንጥቁን በማንኪያና በሽቦ ይጠርጋል። ከአንድ ባልዲ አሸዋ ይልቅ ከአንድ ስንጥቅ የወጣ እፍኝ ጭቃ ይሻላል።

ልምምድ በጎማ ባላንስ

እንግዲህ ወርቅ ሳይኖር እንዴት ይለመዳል? ከልጁ ጋር ያደረግነውን ልንገራችሁ።

ጎሚስታው ጋ ሄደን አሮጌ የጎማ ባላንስ ለመንን። የእርሳሱን ነው፤ አሁን አሁን የብረትም ስላለ በማግኔት ይለያል። እርሳሱን በመቀስ የጤፍ ሳይሆን የምስር ግማሽ እስኪያክል ቆራረጥንና አሥር ፍሬ ቆጠርን። (እርሳስ መርዝ ነው። እጅ በሳሙና ይታጠባል፣ የተጠቀማችሁበት ዕቃ ወደ ማጀት አይመለስም።) አንድ ጣሳ የደቻቱ አሸዋ በወንፊት ነፍተን አሥሩን ቀላቀልን። ሳፋ ውሃ ሞላን። ጎድጓዳ የላስቲክ ሳህን ይዘን ኒም ዛፍ ሥር ተቀመጥን።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ሳህኑን ከነአሸዋው ውሃው ውስጥ ትነክራላችሁ። ጭቃውን በእጅ እያሻችሁ ታጥባላችሁ፣ ድፍርሱ እስኪሄድ። ከዚያ ሳህኑን ሳታዘነብሉ ግራ ቀኝ በኃይል ትነቀንቃላችሁ። ይኼ ነው ቁልፉ። ከባዱ ወደ ሥር የሚወርደው እዚህ ጋ ነው። ጀማሪ ሁሉ የሚሳሳተው ሳይነቀንቅ ለመድፋት ሲቸኩል ነው። ደህና ከነቀነቃችሁ በኋላ ሳህኑን ወደ ፊት ትንሽ አዘንብሉት፣ ውሃ አስገቡበት፣ ላዩን ያለውን አሸዋ ውሃው እንዲልሰው አድርጉ። መልሳችሁ ቀጥ፣ ነቅነቅ፣ አዘንበል። ነጩ አሸዋ እያለቀ ሲሄድ ከሥር ጥቁር አሸዋ ብቅ ይላል። ከዚህ በኋላ እጅ መቀዝቀዝ አለበት። አንድ ጉንጭ የምታክል ውሃ ብቻ አስቀርታችሁ ሳህኑን በዝግታ ስታዞሩት ጥቁሩ አሸዋ እንደ ጅራት ይዘረጋል። ከባዱ ነገር ከጅራቱ ኋላ ይቀራል።

ልጁ በመጀመሪያው ሙከራ ከአሥር አራት አወጣ። ተናደደ። በሦስተኛው ሰባት ደረሰ። እርሳስ 11.3 ነው ብለናል። እርሳስ የማይጥል እጅ ያንኑ የሚያክል ወርቅ ሊጥል አይችልም።

ሁለት ጥቃቅን ብልሃቶች አሉ። እጃችሁ ወይም ሳህኑ ቅባት ካለው ደቃቅ ወርቅ ከባድ ሆኖ ሳለ ውሃው ላይ ሊንሳፈፍ ይችላል። አንድ ጠብታ የዕቃ ሳሙና ይፈታዋል። ሌላው፣ ጥቁሩን አሸዋ አድርቃችሁ ከተበላሸ ስፒከር የወጣ ማግኔት በፌስታል ጠቅልላችሁ ብታሳልፉበት አብዛኛው ዘሎ ይለጠፋል። ወርቅን ማግኔት አይስበውም። ጥቁር አሸዋ ማየት ግን ወርቅ አገኘሁ አያሰኝም። ባዛልት የሚባለው ጥቁር ድንጋይ ባለበት አገር ጥቁር አሸዋ የትም አለ።

የሚያብለጨልጭ ሁሉ

አሁን ወደ ሃይላንዱ ልመለስ። ልጁን «ወደ ጥላው ግባ» አልኩት። ገባ። ብልጭታው ጠፋ። ወርቅ ጥላ ውስጥም ያው ቢጫ ነው፤ አያብለጨልጭም፣ አይጠፋም። ብልጭ ድርግም የሚል ነገር ብርሃን የሚያንጸባርቅ ገጽ ያለው ማዕድን ነው። የእኛው ሚካ ነበር። ከግራናይትና ከመሰሎቹ የሚወጣ፣ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ስስ ስስ የሚል። ጠርሙሱን ስንንጠው ከሁሉም በላይ የተንሳፈፈው እሱ ነበር። እዚያው ላይ ጉዳዩ ተዘጋ።

ሁለተኛው አታላይ ፒራይት ነው፤ ብረትና ድኝ የተዋሃዱበት። ከሚካ የባሰ ወርቅ ይመስላል፣ ከባድም ነው። መለያው መርፌ ነው። በመርፌ ስትጫኑት ወርቅ ይጎደጉዳል፣ ይታጠፋል። ፒራይት ይሰባበራል። ነጭ ያልተቀባ የሴራሚክ ገጽ ላይ ብትፈትጉት ወርቅ ቢጫ መስመር ይተዋል፤ ፒራይት ግን ጥቁር።

ሦስተኛው አታላይ ሰው ነው። የነሐስ ሞረድ ብናኝ «የወንዝ ወርቅ» ተብሎ ሲሸጥ በዓይኔ አይቻለሁ። ናይትሪክ አሲድ ነሐስን ያፈላዋል፣ አረንጓዴ ያደርገዋል፤ ወርቅን ምንም አያደርገውም። ወርቅ ቤቶች ጥቁር ድንጋይ ላይ አሽተው አሲድ ጠብ የሚያደርጉት ለዚህ ነው። በነገራችን ላይ የወርቅ ሠሪ ቤት ጥራጊ ዝም ብሎ አይጣልም። የሞረዱ ብናኝ አለበት። ለድሬ ሰው ቅርቡ የወርቅ «ማዕድን» እሱ ሳይሆን አይቀርም።

«መቶ ሜትር ርቀት ላይ ያለ ወርቅ ይጠቁማል» ተብሎ በኢንተርኔት የሚሸጥ መሣሪያ ደግሞ አለ። ገንዘባችሁን ያዙ። እውነተኛው ሜታል ዲቴክተር ትንሽ ወርቅ የሚሰማው ከጥቂት ሳንቲ ሜትር ነው። ደቻቱ ላይ ብትሞክሩት የቆርኪ መዝሙር ነው የሚያሰማችሁ።

ፈቃድ፣ ጎርፍና ሜርኩሪ

ሕጉ አጭር ነው። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 ንዑስ አንቀጽ 3 መሬትና የተፈጥሮ ሀብት የመንግሥትና የሕዝብ ነው። የማዕድን ሥራዎች አዋጅ ቁጥር 678/2002 ለባህላዊ አምራችም ፈቃድ ያስፈልገዋል ይላል። «ለመዝናናት ነው» የሚል የፈቃድ ዓይነት አላየሁበትም። ግቢ ውስጥ በእርሳስ መለማመድ ሌላ፣ ወንዝ መቆፈር ሌላ ነው። ከሁለተኛው በፊት አስተዳደሩን ጠይቁ። ሐረር ጀጎል ዙሪያ ዲቴክተር ይዞ መዞር ደግሞ ፈጽሞ አይሞከርም። ከተማዋ በአሚሮቹ ዘመን የራሷን ገንዘብ ታሳትም ነበር። እዚያ መሬት ውስጥ ቢገኝ የሚገኘው ማሐለቅና ማርትሬዛ ነው። ያ ቅርስ ነው፤ የሚያወጣውም ባለሙያ ነው።

ጎርፉን ለድሬ ሰው መንገር ለቀባሪው ማርዳት ነው። በሐምሌ 1998 መጨረሻ ሌሊት የሆነውን የማያስታውስ ቤት የለም። ከ200 በላይ ሰው አለቀ። ለእንግዳ ግን ልንገር፦ ደቻቱ ደረቅ ሆኖ፣ ሰማዩም ጠርቶ፣ ደጋው ላይ የዘነበ ዝናብ ሊደርስባችሁ ይችላል። ክረምት ላይ አሸዋው መሐል አይቀመጥም።

ሜርኩሪ የሚባለው ፈሳሽ ብረት ደቃቅ ወርቅን ይሰበስባል፤ ከዚያ በእሳት ይተናል፣ ወርቁ ይቀራል። የተነነው ግን ሳንባ ውስጥ ይገባል። ሽታ የለውም፣ አይታይም፣ ነርቭና ኩላሊት ይጎዳል። ለመዝናኛ የሚፈልግ ሰው ከቶ አያስፈልገውም።

ትናንት ማለዳ፣ ፀሐይ ሳይበረታ፣ ልጁ ጎትቶ ደቻቱ ወሰደኝ። ድልድዩ ሥር ሄደና የምሰሶውን ኋላ አሳየኝ። «ጋሼ፣ ውሃው እዚህ ጋ አይደል የደከመው?» አሸዋውን በእጁ ገለጥ ገለጥ አደረገ። ጥቁር መስመር አለ። ከጥቁሩ ጋር ሦስት ብሎን፣ አንድ የዛገ ሚስማር፣ ከየት እንደመጣ የማይታወቅ የጎማ ባላንስና አንድ ስሙኒ አንድ ላይ ተኝተዋል። ዙሪያውን ባለው አሸዋ ላይ ምንም የለም።

ስሙኒዋን ኪሱ ከተታት። ባላንሱን ለልምምድ ወሰድነው።